ሹፌሯ የቀደማት መኪና

የመኪና ሙሉ ዋጋ ከፍሎ መኪናዋን ገና ያልተረከበ ሰው ቤት ውስጥ ኖራችሁ ታውቃላችሁ? ካልኖራችሁ አትቅኑብኝ። እኔ ዘጠኝ ወር ኖሬበታለሁ። ዘጠኝ ወር የምለው ነገር ለማሳመር አይደለም፤ እናቴ ስትከታተለው ነበር። እኔንም ታናሽ ወንድሜንም የወለደችን በዚያው ልክ ስለሆነ፣ ስምንተኛው ወር ላይ ወገቧን ያዝ አድርጋ «ይማም፣ ይቺ መኪናህ እስካሁን መገላበጥ መጀመር ነበረባት» ትለው ጀመር።

ይማም አባቴ ነው። ደሴ፣ ሆጤ ውስጥ ወፍጮ ቤት አለው። ሰው ሁሉ «አያ ይማም» ይለዋል፤ እሱም ሰው ሁሉ ለጠየቀው ነገር «እሺ» ይላል። ደግ ስለሆነ ነው የሚሉ አሉ። ሴት ልጁ ነኝና እውነቱን ልንገራችሁ፤ እምቢ ማለት አይሆንለትም። ሲሞክር ያስለዋል። ሳሉ እስኪበርድለት ጠያቂው አመስግኖ ሄዷል።

ይህ ሰው ከደጋንና ከደሴ ዙሪያ እህል በአህያ እያስመጣ ሲሰለቸው አንዲት ፒካፕ ልግዛ ብሎ ተነሳ። በዚያን ጊዜ አዲስ መኪና መግዛት እንደ ጫማ አይደለም። ጫማ ለክታችሁ፣ ካልጠበባችሁ ትከፍላላችሁ። ለመኪና ግን መጀመሪያ ትከፍላላችሁ፤ ቀጥሎ ወረፋ ትይዛላችሁ፤ ቀጥሎ መርከብ ትጠብቃላችሁ፤ መርከቧ ስትደርስ ደግሞ የያዘችው የእናንተን ይሁን የሌላ ሰው እስኪጣራ ትጠብቃላችሁ። አባቴ ባሕር ዛፉን ሸጠ፣ የእማዬን የወርቅ አምባር ጨመረበት፣ አዲስ አበባ ሄዶ ሙሉውን ከፈለና ሁለት ነገር ይዞ ተመለሰ። አንዱ ደረሰኝ ነው። ሌላው የመኪናዋ መመሪያ መጽሐፍ ነው። መኪናዋ ስትደርስ በቴሌግራም ይጠሩታል፤ ኮምቦልቻ ካለው መጋዘን ይረከባል።

«መጽሐፉን ምን ብለው ሰጡህ?» አልኩት።

«እስክትመጣ አጥናት አሉኝ።»

መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው። ቤታችን ውስጥ አሥራ ሁለተኛን የጨረስኩ እኔ ብቻ ስለሆንኩ ማጥናቱ የኔ ሥራ ሆነ። ከአስር ሶላት በኋላ ጎረቤቱ ግቢያችን ይሰበሰባል፤ እኔ አነባለሁ፣ እተረጉማለሁ። ትርጉሙ ሲጠፋኝ ከራሴ እሞላለሁ፤ ማን ሊያርመኝ? አንድ ቀን ስለ ጭነት የሚለው ገጽ ላይ ደረስኩ።

«ስንት ሰው ትይዛለች ይላል?» አሉ ከጎናችን ያሉት እትዬ ዘይነባ።

«ከፊት ሁለት ሰው።»

«ከኋላስ?»

«ከኋላ ዕቃ ነው የሚለው።»

«ታዲያ እኛ ከዕቃ በምን እናንሳለን?» አሉ በቁጣ። አባቴም ከዕቃ እንደማያንሱ ለማረጋገጥ ደጋን ላለ የእህታቸው ልጅ ሠርግ እንደሚያደርሳቸው ቃል ገባ። ሳምንት ሳይሞላ የሆጤ እኩሌታ ከኋላ ተሳፍሯል።

ለመኪናዋ በግ ታረደ። አጎቴ ሰይድ፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ ነገር ሁሉ በደንቡ እንዲሄድ የሚፈልጉ ሰው ናቸው። ደንቡን ራሳቸው ናቸው የሚያወጡት። የበጉ ደም ሲፈስ አይተው «ደሙ ጎማዋን መንካት አለበት፤ ጎማዋ የት አለ?» አሉ። አባቴ ከኪሱ ደረሰኙን ሲያወጣ እናቴ ከእጁ ነጠቀችው። «ወላሂ ይቺን ወረቀት ደም ካስነካህ እኔና አንተ ተለያየን!» ሊመርቁ የተጠሩት ሸሁ ሣቁና እጃቸውን ለዱዓ ዘረጉ። «አብሽሩ፣ ዱዓ አድራሻ አይጠፋውም፤ መኪናዋ ያለችበት ድረስ ይሄዳል።» ሁላችንም አሚን አልን። በጉ ተበላ። መኪናዋ የት እንዳለች የሚያውቅ ግን አላህ ብቻ ነበር።

አሁን የኔን ጉዳይ ልንገራችሁ፤ ይህን ሁሉ የማወራው ለሱ ነው።

ማትሪክ አላለፍኩም። ወፍጮ ቤት ተቀምጬ ጤፍ ስመዝን፣ ዱቄት ሽፋሽፍቴ ላይ ሲከመር፣ በስተመጨረሻ ልፈነዳ ደረስኩ። እግሬ አንድ ቦታ አርፎ መቀመጥ አይችልም። ኮምቦልቻ ጋራዥ የሚሠራ የእናቴ ወንድም አለ፤ ስድስት ወር ለምኜው በአንድ ያረጀ ላንድሮቨር መንዳት አስተማረኝ። ተፈትኜ ሦስተኛ መንጃ ፈቃድ አወጣሁ። ፈታኙ ወረቀቴ ላይ ሲፈርም «ወንድ ብትሆኚ ኖሮ ጎበዝ ነሽ እልሽ ነበር» አለኝ። «እርስዎም ሴት ቢሆኑ ኖሮ ትሕትና አያንስዎትም ነበር» አልኩት። ደግነቱ ፈርሞ ጨርሷል።

አባቴ ለመክፈል አዲስ አበባ የሄደ ዕለት ጠዋት፣ አውቶቡስ ተራ ላይ ቆሞ «መኪናዋ ስትመጣ ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ነድተሽ የምታወጪያት አንቺ ነሽ። ከዚያም ሹፌሯ አንቺ ነሽ» ብሎኛል። ሌላ ሰው አልነበረም። ለሆጤ ሕዝብ ሁሉ ቃል ከመግባቱ በፊት የመጀመሪያውን ቃል የገባው ለኔ ነው።

አጎቴ ይህን ሲሰሙ ሦስት ቀን ቤታችን መጥተው ጠዋት ማታ ተናገሩ። «ይማም፣ ያን ሁሉ ጠመዝማዛ ሐረጎን ሴት ልጅ ነድታ ስትወጣ ሰው ምን ይላል?»

«ደህና ገባች ይላል» አልኳቸው።

«አንቺን አልጠየቅኩም! ይማም፣ ስመ ጥር ሹፌር ቅጠር።»

አባቴ እምቢ ሊል ሞከረ፤ ሳለ፤ እሺ አለ። ሹፌር ተቀጠረ። መኪና የለም፤ ሹፌር ግን አለ።

ሹፌሩ ጋሽ ተፈራ ይባላሉ። ባቲን አቋርጦ አሰብ በሚወርደው መንገድ ሃያ ዓመት ተሳቢ ነድተዋል። ጥቁር መነጽር አላቸው፤ ቤት ውስጥም አያወልቁትም። «የአሰብ ፀሐይ ውጤት ነው» ይላሉ። ጠዋት በሁለት ሰዓት ሥራ ይገባሉ፤ ሥራቸው በራችን ላይ መቀመጥ ነው። በአሥራ አንድ ሰዓት ይወጣሉ። ክርስቲያን ስለሆኑ የኛን ሥጋ አይበሉም፤ እናቴ ለብቻ ሽሮ ትሠራላቸዋለች። «መኪና የሌለው ሹፌር ቀጥሬ፣ ለሱ ደግሞ ለብቻ ድስት ጣድኩ» እያለች። እኔን «ረዳት» ነው የሚሉኝ። መንጃ ፈቃዴን አውጥቼ ፊታቸው ላይ ብዘረጋው ጎንበስ ብለው አዩትና «ጥሩ ፎቶ ነው» አሉኝ። ፎቶው ያለበትን ሳይሆን ጀርባውን ነበር የዘረጋሁት። እየቀለዱብኝ መስሎኝ ሳምንት አኮረፍኳቸው።

መቀመጡ ሲሰለቻቸው አንድ ቀን ተነሱና «መኪናዋ እስክትመጣ ረዳቴን ላሠልጥን» አሉ። ግቢው መሐል ሁለት በርጩማ ጎን ለጎን አስቀመጡ፤ ይህ ጋቢናው ነው። ወንፊቱ ያለቀ የወንፊት ክብ አመጡ፤ መሪ ነው። ሦስት ድንጋይ እግሬ ሥር ደረደሩ፤ ፍሪሲዮን፣ ፍሬን፣ ነዳጅ። የእናቴን ሙቀጫ ከነዘነዘናው በቀኝ በኩል ተከሉ፤ ማርሽ ነው። ከኋላ ደግሞ አግዳሚ ወንበር።

«አሁን ኮምቦልቻን ለቀን ወጣን። አንደኛ ማርሽ!»

ዘነዘናውን ወደ ፊት ገፋሁ።

«ኩርባ፣ ወደ ግራ። ክላክስ!»

«ጲጲጵ» አልኩ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰች ልጅ።

ሰውየው መንገዱን ያውቁታል። ኩርባ በኩርባ፣ ዛፍ በዛፍ፣ ድልድይ በድልድይ ይጠሩታል። ጎረቤቱም ይህን ሰምቶ የአግዳሚ ወንበሩን ቦታ ለመያዝ ይሻማ ጀመር። እትዬ ዘይነባ አንድ ቀን አጋማሽ ላይ የጣዱት ወጥ ትዝ ብሏቸው ሊነሱ ሲሉ ጋሽ ተፈራ በቁጣ ዞሩ። «እመቤቴ፣ መኪና ሳይቆም አይወረድም!» እትዬ ዘይነባ ደንግጠው ቁጭ አሉ። ወጡ አረረ። የባሰው ደግሞ እናቴ ነች፤ ሐረጎ ወገብ ላይ ስንደርስ መጥታ «ማርሹን ስጡኝ፣ በርበሬ ልወቅጥበት» ትላለች። ያለ ማርሽ ቁልቁል መንሸራተት ነው እንግዲህ።

የመኪናዋ ወሬ እንዲህ ግቢ ሞልቶ ሲፈስ ቀበሌ ደረሰ። ሊቀመንበሩ አንድ ቀን ከጥበቃ ጋር መጡ። እኔ መሪ ይዤ ነበር።

«ጓድ ይማም፣ መኪና ገዝተዋል?»

«ገዝቻለሁ።»

«የት አለች?»

«አልመጣችም።»

«ታዲያ ምኑን ነው የገዙት?»

አባቴ ደረሰኙን አውጥቶ አሳያቸው። ይህንኑ ጠይቃው ለእናቴም ያሳያት እሱኑ ነበር።

«ለማንኛውም» አሉ ሊቀመንበሩ፣ «ቀበሌያችን ውስጥ ያሉ ተሽከርካሪዎች ሁሉ ቅዳሜ ለመሠረተ ትምህርት ደብተር ያደርሳሉ። የእርስዎም ተመዝግባለች። የማትገኝ ከሆነ ምክንያቷ በጽሑፍ ይቅረብ።»

ጽሑፉን የጻፍኩት እኔ ነኝ። «መኪናችን ከአቅሟ በላይ በሆነ ምክንያት፣ ይኸውም እስካሁን ባለመኖሯ፣ በተባለው ቀን ለመገኘት የማትችል መሆኑን በአክብሮት እንገልጻለን» አልኩ። ይጣሉናል ብዬ ፈርቼ ነበር። አነበቡት፣ ማኅተም መቱበት፣ «የአንድ ወር ፈቃድ ተሰጥቷታል» ብለው ፋይል አደረጉት። በየወሩ እያሳደስን ኖርን። ከኔ በቀር ማንም አልሣቀም።

የአብዮት በዓል ሲመጣ ግን ፈቃድ የለም ተባለ፤ ባለመኪናዎች ሁሉ ይሰለፋሉ። መኪናዋ ከሌለች ሹፌሯ ይወክላታል። ጋሽ ተፈራ ካፖርታቸውን ለብሰው በአንድ አውቶቡስና በአንድ ቦቴ መካከል በእግራቸው ተሰለፉ። ደረታቸውን ነፍተው፣ በመኪኖቹ ፍጥነት። ሰልፉ አደባባዩ ጋ ሲደርስ ወደ ግራ ታጠፈ፤ እሳቸው ቀጥ ብለው ሄዱና የማገዶ መሸጫ ውስጥ ገቡ። ሮጬ ደረስኩባቸው።

«ጋሽ ተፈራ፣ ሰልፉ በዚያ ነው!»

«የኛ መኪና የምትታጠፈው እዚህ ጋ ነው» አሉኝ፣ ግንድ ላይ እጃቸውን አሳርፈው።

ሣቁ ሆጤን እስኪሞላ ድረስ ሰው ሣቀ። እኔ ግን መሣቅ አቃተኝ። ሰባተኛው ወር ላይ ነን። መኪናዋ ብትመጣ እሳቸው ይነዷታል፤ ባትመጣ ማንም አይነዳትም። የትኛውን እንደምመኝ ጠፋኝ።

በዘጠነኛው ወር ቴሌግራሙ መጣ። «ደርሷል። ኮምቦልቻ ቀርበው ይረከቡ።» እናቴ እልል አለች። አባቴ ቴሌግራሙን አሥር ጊዜ አስነበበኝ። ጋሽ ተፈራ ብቻ ከበራችን አልተነሱም፤ የዚያን ቀን ሽሯቸውንም አልጨረሱም።

«አባባ፣ ቃልህስ?» አልኩት ብቻውን ሳገኘው።

«አብሽሪ ልጄ።»

«አብሽሪ ማለት አዎ ነው ወይስ አይደለም?»

ሳለ።

በማግሥቱ አባቴ፣ አጎቴ፣ ጋሽ ተፈራና እኔ በአውቶቡስ ኮምቦልቻ ወረድን። ከመጋዘኑ ግቢ ቆማ አየኋት። ቀይ ናት። ጎማዋ ላይ ያለው ጥቁር ገና ያብረቀርቃል፤ ወንበሯ ላይ ላስቲኩ አልተነሣም። እንባዬ መጣ፤ ከደስታ ይሁን ከንዴት አልለየሁትም። አባቴና አጎቴ ወረቀት ሊፈርሙ ቢሮ ገቡ። ቁልፉ በጋሽ ተፈራ እጅ ነው። ያኔ አፌን መያዝ አቃተኝ።

«ጋሽ ተፈራ፣ እርስዎ መኪና ሲነዱ ዕድሜዎን ጨርሰዋል። እኔ በርጩማ ላይ ጲጲጵ ስል ዘጠኝ ወር ከረምኩ። ዛሬን እንኳ አይተዉልኝም?»

እጃቸውን ዘርግተው የመኪናዋን በር በዳበሳ ያዙና «ረዳት፣ ቀለሟ ምንድን ነው?» አሉኝ ቀስ ብለው።

«ቀይ ናት። ፊትዎ ቆማ!»

«ቀይ ናት። ለኔ አመድማ ነው የምትመስለኝ። ሁሉም ነገር አመድማ ነው።» መነጽራቸውን አወለቁ። ሁለቱንም ዓይኖቻቸውን ነጭ ሞራ ጋርዷቸዋል። «ሁለት ዓመት አለፈኝ። ጡረታ የወጣሁ አይምሰልሽ፣ አውጥተውኝ ነው።»

የመንጃ ፈቃዴን ጀርባ፣ የማገዶ መሸጫውን፣ ሁሉንም ያን ጊዜ ገባኝ።

«ታዲያ ምን ብለው ተቀጠሩ?»

«መኪናዋ ትመጣለች ብዬ መች አሰብኩ ልጄ! አገሩ ሁሉ አትመጣም ሲል አልነበር?»

ልናገር ነበር። እኔ የሰማሁትን ሳልናገር የዋልኩበት ቀን የለም። አባባ ብዬ ልጣራ አፌን ከፈትኩና ነገሩ ታየኝ። እሳቸው ቢባረሩ አጎቴ ነገ ጠዋት ሌላ ስመ ጥር ያመጣሉ፤ ያኛው ደግሞ የሚያይ ሊሆን ነው። እሳቸውም መነጽራቸውን በእጃቸው ይዘው ፍርዴን ይጠብቃሉ። አፌን ዘጋሁ።

«ቁልፉን ይስጡኝ» አልኳቸው። «የሚሉትንም እርስዎ ይፈልጉ።»

አባቴና አጎቴ ሲወጡ ጋሽ ተፈራ መነጽራቸውን አድርገው፣ ደረታቸውን ነፍተው ቆመዋል። «አያ ይማም፣ የአሰብ ሹፌር ወግ አለው። አዲስ መኪና በረዳት ይነዳል። ዋናው ሹፌር አጠገብ ተቀምጦ ድምፅዋን ያዳምጣል። ያልተደመጠች መኪና ዕድሜ የላትም።»

አጎቴ እንዲህ ያለ ወግ ሰምተው አያውቁም። አላውቅም ማለትን ደግሞ ከሞት ይፈሩታል። «አዎ፣ አዎ» አሉ ጺማቸውን እየዳበሱ፣ «ደንብ ነው። ሰምቻለሁ።»

ጋቢናው ሁለት ሰው ነው የሚይዘው፤ ነጂና አዳማጭ። ስለዚህ የከፈለው አባቴና ደንብ አዋቂው አጎቴ ከኋላ፣ ከዕቃ ቦታ ተቀመጡ።

ሐረጎን ጀመርኩት። ጋሽ ተፈራ መንገዱን ይጠራሉ፤ እኔ እነዳለሁ። «አሁን ግራ። ሁለተኛ ማርሽ። ቀጥሎ ሰፊ ኩርባ ነው፣ አትቸኩይ።» አንድም አልሳቱም። አንድ ቦታ ላይ ብቻ «ቀኝሽን ያዢና እለፊ» ሲሉኝ ፍሬን ረገጥኩ፤ የአጎቴ ጭንቅላት ከኋላ መስኮቱን ገጨ።

«ለምን ቆምሽ?»

«አህያ ነው።»

«እኔ ባሠለጠንኩሽ መንገድ ላይ አህያ አልነበረም» አሉ ቅር ብሏቸው።

ደሴ ገባን። ሆጤ ወጥቶ ጠበቀን። ሸሁ መረቁ። እትዬ ዘይነባ ሞተሩ ሳይጠፋ ከኋላ ወጥተው ተቀመጡ፤ የእህታቸው ልጅ ግን አግብቶ፣ ሚስቱ አርግዛለች።

ይኸው ከዚያ ቀን ጀምሮ ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ደጋን እመላለሳለሁ። ጋሽ ተፈራ አጠገቤ ተቀምጠው ያዳምጣሉ። አጎቴ «መቼ ነው እርስዎ የሚነዱት?» ሲሏቸው «ሦስተኛ ማርሽዋን ገና አልጨረስኩም» ይሏቸዋል። አጎቴም ይስማማሉ።

ባለፈው ሳምንት ነው፤ ስንዴ አራግፈን ጋሽ ተፈራ ወደ ቤታቸው ሊሄዱ ተነሱ። አባቴ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ሆኖ «ልጄ፣ እስከ መንገዱ እጃቸውን ያዢያቸው፤ ቦይ ተቆፍሯል» አለኝ።

አድርሻቸው ስመለስ ፊቱ ላይ ቆምኩ። «አባባ፣ ለምን እጃቸውን ያዢ አልከኝ?»

«አያዩማ።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅከው?»

«ሊቀጠሩ የመጡ ዕለት። የስንዴ ጆንያውን አያ ይማም ብለው ጨበጡት።» የእጁን ዱቄት አራገፈ። «ሰይድን እምቢ ማለት አልችልም፣ ታውቂኛለሽ። እና ዓይኑ የሚያይ ሹፌር ብቀጥር አንቺ መቼ ትነጂያለሽ?»

ሳይስል ነው የተናገረው።